ሩድራ ቪናን ባሕር ዳር ሆኖ ለመስማት

የስልካችሁን ስፒከር እርሱት። ሩድራ ቪና የሚባለው የህንድ የክር መሣሪያ ዋና ነገሩ ታች፣ ወፍራሙ ድምፅ ላይ ነው። የስልክ ስፒከር ደግሞ ወፍራሙን አያወጣም። ቀጭን ቀጭኑን ብቻ ይሰጣችኋል። እናንተም «ይሄን ነው እንዴ እንዲህ የሚያወሩለት?» ብላችሁ ትዘጉታላችሁ። ስለዚህ መጀመሪያ ኢርፎን ፈልጉ። ውድ መሆን የለበትም፤ ጆሮን ድፍን የሚያደርግ ከሆነ ይበቃል። ቤት ውስጥ ደህና ስፒከር ካለ ደግሞ እሰየው።

እኔ በገናና ክራር ሠሪ ነኝ። ሥራ ቤቴ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር ነው። በከተማችን የህንድ ነገር ሲነሳ ለብዙ ሰው ትዝ የሚለው ሁለት ነገር ነው፤ የድሮ የህንድ ፊልምና ባጃጅ። እኔም ከዚያ ያለፈ አላውቅም ነበር። ይህን መሣሪያ ያስተዋወቁኝ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩ አንድ ህንዳዊ ደንበኛዬ ናቸው። ክራር ሊገዙ መጥተው በገና ስቃኝ ደረሱ። እንዝራውን፣ ከአውታሩ ሥር የምትገባዋን ቁራጭ ቆዳ፣ ሳስተካክል ጎንበስ ብለው ሲያዩ ቆዩና ስልካቸውን አውጥተው ኢርፎኑን ጆሮዬ ላይ ሰኩልኝ። ምንም አላሉም። ዋጋውንም አልተከራከሩም፤ ይህ በራሱ የሚገርም ነው።

አሁን ሥራ ቤቴ የሚመጣ ሰው ሁሉ «ይሄ የምትሰማው ምንድን ነው?» ይለኛል። ለሁሉም አንድ በአንድ ከማስረዳ ልጻፈው ብዬ ነው።

መጀመሪያ ዕቃውን እወቁት። ወደ አንድ ሜትር ተኩል የሚጠጋ ውስጡ ክፍት የሆነ ዘንግ አስቡ። ከእንጨት ወይም ከቀርከሃ ይሠራል። ከዘንጉ ሥር ሁለት ትልልቅ ቅሎች ተንጠልጥለዋል፤ አንዱ በዚህ ጫፍ፣ አንዱ በዚያ ጫፍ። ቅል ስል የምናውቀውን ቅል ማለቴ ነው። አብቅለው፣ አድርቀው፣ አንገቱን ቆርጠው የሚሠሩበት። ዘንጉ ላይ ከ20 በላይ ፍሬቶች፣ ክሩ በጣት የሚጫንባቸው አግዳሚዎች፣ ተደርድረዋል። እኔን ያስገረመኝ ፍሬቶቹ የሚጣበቁበት ነገር ነው። ሰም ነው፤ የንብ ሰም። ለምን ቢሉ፣ ተጫዋቹ አንዱ ድምፅ ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ እንዲልለት ሲፈልግ ሰሙን አለስልሶ ፍሬቱን ገፋ ያደርገዋል። የጊታር ፍሬት እዚያው ተቀብሮ የቀረ ነው። ይሄኛው ግን ከባለቤቱ ጆሮ ጋር ይሄዳል።

ዜማው የሚወጣው ከአራት ዋና ክሮች ነው። ከጎን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ክሮች አሉ፤ እነሱ ዜማ አይጫወቱም፤ መሠረቱን ድምፅ እየደጋገሙ ይይዛሉ። የቀኝ እጅ ጣቶች ላይ ሚዝራብ የሚባል ከሽቦ የተጠመዘዘ መግረፊያ ይገባል። ሚዝራቡን ትተው በባዶ ጣት የሚጫወቱም አሉ። ልዩነቱ በጆሮ ይለያል፤ እመለስበታለሁ።

ስትፈልጉ ስሙን በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፉ። «ሩድራ ቪና» (Rudra Veena) ብላችሁ ያላገኛችሁትን «ቢን» (Been) ብላችሁ ልታገኙት ትችላላችሁ፤ ሰሜን ህንዶች አጠር አድርገው የሚጠሩት እንዲህ ነው። ቪና ብቻ ካላችሁ ግን የሚመጣላችሁ በብዛት የደቡብ ህንዱ ሳራስዋቲ ቪና ነው። እሱም ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ግን ሌላ ነው፤ ሙዚቃውም ካርናቲክ የሚባለው የደቡቡ ስልት ነው። ፎቶውን እዩ። ሁለቱ ቅሎች እኩል ትልልቅ ሆነው ከዘንጉ ሥር ካሉ አገኛችሁት። ቪዲዮውን ከማየት ድምፁን ብቻ አውርዱ። ፓኬጅ ይቆጥባል፤ መብራት ቢጠፋም ስልካችሁ ላይ ይቆያል። እንዲያውም መብራት የጠፋበት ምሽት ለዚህ ሙዚቃ ምርጡ ጊዜ ነው። የጎረቤት ቴሌቪዥንም አብሮ ይጠፋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። በገና ሰምታችሁ ካደጋችሁ ለዚህ መሣሪያ ግማሽ መንገድ ሄዳችኋል።

በበገና በርኩማ፣ አውታሮቹን ከሥር በሚደግፈው ቁራጭ ላይ፣ ከእያንዳንዱ አውታር ሥር፣ ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ትገባለች። እንዝራ የምንላት እሷን ነው። እንዝራዋ ካለቦታዋ ከተቀመጠች አውታሩ ደረቅ ድምፅ ሰጥቶ ወዲያው ይሞታል። በጥፍር ጫፍ ጥቂት ገፋ፣ ጥቂት ሳብ ሲያደርጓት ግን አንድ ቦታ ላይ አውታሩን ታገኘዋለች። ገና ሲነካ እዝዝዝ ይላል። ያ እዝዝታ አውታሩ እየተርገበገበ ቆዳውን ዳበስ ዳበስ ሲያደርግ የሚወጣ ነው። የበገናን ድምፅ በገና ያደረገው እሱ ነው። ባይኖር ኖሮ ትልቅ ክራር በሆነ ነበር።

ሩድራ ቪና ላይ ቆዳ የለም። ሥራውን የሚሠራው በርኩማው ራሱ ነው። ከአጥንት ወይም ከቀንድ የተሠራ፣ ሰፊ፣ ላዩ ጠፍጣፋ የሚመስል በርኩማ ነው። ይመስላል እንጂ ጠፍጣፋ አይደለም። በጣም ጥቂት፣ በዓይን በማይታይ ልክ፣ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል። ክሩ ሲርገበገብ ያን ገጽ ዳበስ ያደርጋል፤ እዝዝታው ከዚያ ይመጣል። ይህን አሠራር ጃዋሪ ይሉታል። በሞረድ የሚያወጣው ባለሙያ አለው። ብዙ ሲጫወቱበት ክሩ አጥንቱን ይቦረቡረዋል፤ ድምፁ ይበላሻል፤ እንደገና ይሞረዳል። ደንበኛዬ እንዝራዬን ጎንበስ ብለው ያዩት ለዚህ ነበር።

ስለዚህ የመጀመሪያው ልምምዳችሁ ይሄ ነው። ቅጂውን ክፈቱና ዜማውን አትከተሉ። አንድ ክር ሲመታ ከምቱ በኋላ የሚሆነውን ብቻ ስሙ። እዝዝታው መጀመሪያ ቀጠን ብሎ ይነሳል፤ ይሰፋል፤ ከዚያ እየከሰመ ይሄዳል። እስኪጠፋ ተከተሉት። የሚቀጥለው ምት እስኪመጣ ሌላ ነገር አታስቡ። ይህን ለጥቂት ደቂቃ ካደረጋችሁ ጆሯችሁ ፍጥነቱን ይቀንሳል። እንደ ዘፈን ከጠበቃችሁት ግን ትሰለቻላችሁ። እኔ ዘንድ ሥራ የሚለማመደው ልጅ አንድ ቀን ዝም ብሎ ሲሰማ፣ ሲሰማ፣ ሲሰማ ቆየና «ጋሼ፣ መቼ ነው የሚጀምረው?» አለኝ። ቅጂው ሃያ ደቂቃ አልፎት ነበር።

ጥያቄው የጅል ጥያቄ አይደለም። መልሱ ይሄ ነው። ድሩፓድ በሚባለው ጥንታዊ አካሄድ መጀመሪያ የሚመጣው አላፕ ነው። አላፕ ከበሮ የለውም፤ የሚቆጠር ምት የለውም። ተጫዋቹ ራጋውን፣ እኛ ቅኝት ከምንለው ጋር የሚቀራረበውን ነገር፣ ድምፅ በድምፅ ያስተዋውቃችኋል። ከመሠረቱ ድምፅ ይነሳል፤ ወደ ታች፣ ወደ ወፍራሙ ይወርዳል፤ እዚያ ይቆያል። ከዚያ አንድ አንድ ደረጃ እየጨመረ ወደ ላይ ይወጣል። አዲስ ድምፅ በመጣ ቁጥር ትልቅ ነገር ነው። አንድ ሰዓት የሚፈጅ አላፕ አለ።

ቀጥሎ ጆር ይመጣል። አሁንም ከበሮ የለም፤ ግን ምት ገብቷል፤ እግራችሁ ሳታዙት መንቀሳቀስ ይጀምራል። ከዚያ ጃላ። እዚህ ላይ የጎን ክሮቹ በዜማው መሐል እየገቡ ቶሎ ቶሎ ይመታሉ፤ ነገሩ ይጋጋላል። ልጁን «አሁን ስማ» ያልኩት እዚህ ጋ ነው። ብዙ ሰው አላፑን ዘሎ ከጃላው ሊጀምር ይፈልጋል። ይቻላል፤ ማንም አይከለክላችሁም። ጃላው ግን የሚጥመው አላፑን ለታገሠ ነው።

ሁለተኛ ልምምድ። አንድ ምት ስንት ድምፅ እንደሚወልድ ቁጠሩ። በክራር አንድ ምት አንድ ድምፅ ነው። እዚህ ግን ተጫዋቹ ክሩን አንዴ ይመታና በግራ እጁ ፍሬቱ ላይ ወደ ጎን ይስበዋል። ክሩ ሲሳብ ይወጠራል፤ ሲወጠር ድምፁ ይወጣል። ሚንድ ይሉታል። በአንድ ምት ሦስት፣ አራት፣ አምስት ድምፅ አንዱ ካንዱ ሳይቆረጥ እየተንሸራተተ ይመጣል። ማሲንቆ ላይ ጣት ሲንሸራተት የምትሰሙትን አስታውሱ። ማሲንቆው ግን ደጋን አለው፤ ድምፁን እንደልቡ ይመግበዋል። ቪናው የተሰጠው አንድ ምት ብቻ ነው፤ ድምፁ እየሞተ ባለበት ጊዜ ውስጥ ነው ዜማውን የሚጨርሰው። መጨረሻ ላይ ያሉት ድምፆች ከትንፋሽ ይሳሳሉ። ኢርፎን ፈልጉ ያልኳችሁ ለዚህም ጭምር ነው።

ሰዓትና ቦታ

የሰሜን ህንድ ሙዚቃ ሰዓት አለው። ቀንና ሌሊቱን ስምንት ቦታ ይከፍሉታል፤ አራት ለቀን፣ አራት ለሌሊት፣ እያንዳንዱ ሦስት ሦስት ሰዓት። አብዛኛው ራጋ የየራሱ ክፍል አለው። ለፈረንጅ ይህን ማስረዳት ጣጣ ሳይሆን አይቀርም። ለእኛ ግን ሰዓታችን ራሱ ከፀሐይ መውጫና መግቢያ ነው የሚነሳው። ያማን የሚባለው ራጋ ከምሽቱ 12 እስከ 3 ሰዓት ነው። ባይራቭ ከጠዋቱ 12 እስከ 3። ማልካውንስ ከሌሊቱ 6 እስከ 9። አበቃ።

ባሕር ዳር ላይ ግን ሰዓቱን ከከተማው ጋር ማስታረቅ አለባችሁ። ጠዋት 12 ላይ የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ አለ፤ ቀደም ብሎ አዛን አለ። ከዚያ ጋር አትታገሉ። ባይራቭን ወደ 2 ሰዓት ግድም፣ ቅዳሴው ካለቀ በኋላ ስሙት። በክረምት የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ምንም አትሞክሩ፤ ዝናቡ ሁሉንም ይውጠዋል። ጥር ደግሞ የሠርግ ወር ነው። ዲጄ የሌለበት ሰፈር ካገኛችሁ ንገሩኝ።

የእኔ ምርጫ ኅዳርና ታኅሣሥ፣ ያማን፣ ፀሐይ ጣና ላይ ስትገባ ነው። የሐይቁ ዳር መዝናኛዎች አይሆኑም፤ አንዱ ካንዱ በሙዚቃ ይሽቀዳደማሉ። ወደ ሽምብጥ በኩል ወረድ ብሎ ሰው የማይበዛበት ዳርቻ ይሻላል። ረጅም እጅጌ ልበሱ፤ ትንኙ የሚወጣው በዚያው ሰዓት ነው። ከታንኳዎቹም ከውሃውም ራቅ ብላችሁ ተቀመጡ፤ ሣር ያለበትን የውሃ ዳር ጉማሬም ይወደዋል። ወደ ዘጌ በጀልባ ስትሄዱ ለመስማት የምታስቡ ካላችሁ ተዉት። ሞተሩ ልክ በወፍራሙ ድምፅ ላይ ነው የሚያጉረመርመው።

ትዝታን ይዛችሁ ግቡ

ክራር ወይም ጥሩ ጉሮሮ ካላችሁ ይህን ሞክሩት። ለመስማት ከምንም በላይ የጠቀመኝ ይሄ ነው።

ስልካችሁ ላይ የታንፑራ አፕ ጫኑ፤ ነፃ የሆኑ ብዙ አሉ። ታንፑራ ዜማ የማይጫወት ባለ አራት ክር መሣሪያ ነው። መሠረቱን ድምፅና አምስተኛውን እየደጋገመ ከጀርባ ይይዛል፤ ሌላ ሥራ የለውም። ህንዶች መሠረቱን ድምፅ ሳ ይሉታል። ሳ ቁመቱ የተወሰነ አይደለም። እኛ ክራር ለዘፋኙ ጉሮሮ እንደምንቃኝ እነሱም ሳን ለድምፃቸው ይመርጣሉ። ስለዚህ አፑን ለጉሮሯችሁ በሚመች ቁመት ላይ አድርጉ፤ የክራራችሁን ዶ ከእሱ ጋር ቃኙ።

አሁን ትዝታ ሜጀርን ተጫወቱ። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። በእነሱ አጠራር ሳ፣ ሬ፣ ጋ፣ ፓ፣ ዳ። ይህ ቡፓሊ የሚባለው ራጋ የሚጠቀምባቸው ድምፆች ናቸው፤ አንድም ሳይጎድል፣ አንድም ሳይጨመር። አምባሰልን ሞክሩ፤ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት። ጉንካሊ የሚባል የጠዋት ራጋ አገኛችሁ። ባቲ ማይነርን ስትጫወቱ ዳኒ የሚባለው ራጋ ድምፆች ውስጥ ናችሁ። አንቺሆዬን ግን ለማጋጠም አትድከሙ። እሷ የራሳችን ናት።

ቶሎ ግን እንዳትፎክሩ። «የህንድ ሙዚቃ ትዝታ ነው» የሚል ሰው አጋጥሞኛል። ድምፆቹ አንድ መሆናቸው ራጋውን አንድ አያደርገውም። ለዚህ ጥሩ ማስረጃ እዚያው ህንድ ውስጥ አለ። ዴሽካር የሚባል ሌላ ራጋ አለ። የሚጠቀመው ያንኑ የቡፓሊን አምስት ድምፅ ነው። ልዩነቱ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ነው። ቡፓሊ ጋ ላይ ይከብዳል፣ ረጋ ይላል፣ የምሽት ነው። ዴሽካር ዳ ላይ ይከብዳል፣ ወደ ላይ ይመዘዛል፣ የጠዋት ነው። ህንዳዊ አድማጭ ሁለቱን ካደባለቃችሁበት ያኮርፋል። እናንተም ክራሩ ላይ ሞክሩት። አምስቱን ድምፅ ያዙና መጀመሪያ ሚ ላይ እየተመለሳችሁ ዕረፉ፤ ቀጥሎ ላ ላይ። እጃችሁ ያንኑ ክር እየነካ ስሜቱ ይቀየራል።

ከቡፓሊ ወደ ያማን መሻገር ቀላል ነው። በአምስቱ ላይ ሁለት ድምፅ ጨምሩ፤ ሲን እና ከፍ ያለውን ፋ፣ ማለትም ፋ ሻርፕን። ያማን አንድ ጠባይ አለው። ሲነሳ ብዙ ጊዜ መሠረቱን ድምፅ ይሸሸዋል። ከታች ካለው ሲ ተነስቶ ሳን ዘሎ ሬን ይነካና ጋ ላይ ያርፋል። ታንፑራው ከጀርባ ሳ፣ ሳ እያለ ተጫዋቹ አይረግጠውም። ቤቱ በር ላይ ቆሞ አልገባም እንደሚል ሰው ነው። መጨረሻ ላይ ሳን ሲረግጠው ሰውነታችሁ ይፈታል። ያን ጊዜ ያማን ገብቷችኋል ማለት ነው፤ ሌላ ፈተና የለውም።

ከበሮው ሲገባ

አላፕ፣ ጆርና ጃላ ካለቁ በኋላ ብዙ ጊዜ ፓካዋጅ የሚባል ከበሮ ይገባል። በርሜል መሰል፣ ሁለት ፊት ያለው ከበሮ ነው። በግራው ፊት ላይ ከመጫወታቸው በፊት የስንዴ ሊጥ ይለጥፉበታል። አዎ፣ ሊጥ። ድምፁን ያወፍረዋል፤ ጨዋታው ሲያበቃ ይነሳል። በጾም ቀን ሊጥ እያቦኩ ከበሮ ሲሠሩ እናቴ ብታይ ምን ትል እንደነበር አላውቅም።

እዚህ ላይ ዝም ብላችሁ አትቀመጡ፤ በእጃችሁ ቁጠሩ። ዝነኛው አቆጣጠር ቻውታል ነው፤ 12 ምት ነው። እንዲህ ይባላል፦

ዳ ዳ፣ ዲን ታ፣ ኪታ ዳ፣ ዲን ታ፣ ቲታ ካታ፣ ጋዲ ጋና።

በ1 አጨብጭቡ። በ3 እጃችሁን ገልብጣችሁ አየሩን ምቱ፤ ድምፅ የለውም። በ5 አጨብጭቡ። በ7 እንደገና ባዶ። በ9 አጨብጭቡ፤ በ11 አጨብጭቡ። ከዚያ ወደ 1። መጀመሪያ በአፍ እያላችሁ ያለ ሙዚቃ ተለማመዱት። ማኅሌት ላይ መቋሚያና ጸናጽል ይዞ የቆመ ሰው ይህን ቶሎ ይይዘዋል፤ አይቻለሁ። የሚቸገሩት ሁሉም ምት መጨብጨብ አለበት ብለው የሚያስቡት ናቸው። ባዶዎቹ ምቶች እኩል ቦታ አላቸው። ተጫዋቾቹ የትም ዞረው፣ የትም ተጣልተው 1 ላይ ሲገናኙ እናንተም በትክክል 1 ላይ ካጨበጨባችሁ ደስ ይላል፤ ጮክ ብላችሁ ልትስቁ ትችላላችሁ። ታክሲ ውስጥ አትሞክሩት።

ማንን ልስማ

ዚያ ሞሂዑዲን ዳጋር ከሚባሉት ተጫዋች ጀምሩ። ከ1929 እስከ 1990 የኖሩ ሰው ናቸው። ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። መሣሪያውን ራሳቸው አሻሻሉት፤ ቅሎቹን አተለቁ፣ ዘንጉን አወፈሩ። ሚዝራቡንም ትተው በጣት ይጫወታሉ፤ ስለዚህ ምታቸው ለስላሳ ነው፤ ከምቱ ይልቅ ተከታዩ ድምፅ ይበዛል። ያማናቸው በቀላሉ ይገኛል፤ መጀመሪያ እሱን አውርዱ። ልጃቸው ባሃኡዲን ዳጋር ዛሬም ይጫወታል፤ የእሱ ቅጂዎች አዲስ ስለሆኑ ድምፃቸው ይጠራል።

ቀጥላችሁ አሳድ አሊ ኻንን ስሙ፤ ከ1937 እስከ 2011። እሳቸው አንዱን ቅል ትከሻቸው ላይ አድርገው በጥንቱ አያያዝ ይይዙታል፤ በሚዝራብ ይመታሉ። ምታቸው ጠንካራና ቁርጥ ያለ ነው። እኔ ዘንድ የሚለማመደው ልጅ፣ ያ «መቼ ነው የሚጀምረው» ያለው፣ እሳቸውን ይመርጣል። እኔ ዳጋርን። ሥራ ቤት ውስጥ ይህ ጉዳይ አልተፈታም።

መሣሪያው ለምን ብርቅ ሆነ የሚል ጥያቄ ይመጣል። ድሮ የነገሥታት ቤት መሣሪያ ነበር። ቢን ደርዳሪዎቹ ዘራቸውን ታንሴን ከሚባለው የንጉሥ አክባር ሙዚቀኛ ይቆጥራሉ፤ ይህ 16ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ትምህርቱ ከአባት ለልጅ ነበር፤ ለባዕድ አይሰጥም። ድምፁ ደግሞ ትንሽ ነው፤ የተሠራው ለጠባብ ክፍልና ለጥቂት አድማጭ ነው። በ1947 ህንድ ነፃ ወጥታ የመሳፍንቱ ቤቶች ሲከስሙ የሚቀጥረው ጠፋ። ሲታር የሚባለው ሌላው የህንድ የክር መሣሪያ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ገባ፤ ቪናው ቀረ። ለበገና ሰዎች ይህ ታሪክ እንግዳ አይደለም።

አንድ ነገር ደግሞ በተደጋጋሚ እጠየቃለሁ። ሩድራ የሺቫ ስም ነው፤ «ታዲያ በገና የሚሠራ ሰው ይህን መስማቱ አይከብድም ወይ?» ይሉኛል። እኔ የንስሐ አባት አይደለሁም፤ ያላችሁን ጠይቁ። ይህን ግን ልበል። የዳጋር ቤተሰብ ሙስሊሞች ናቸው። ለብዙ ትውልድ የሂንዱ ቤተ መቅደስ ግጥም ያለበትን ሙዚቃ ተሸክመው የኖሩት እነሱ ናቸው። እኔ የምሰማው እንደ እንጨት ሠሪ ነው። በዐቢይ ጾም ግን አልከፍተውም፤ ያን ጊዜ የበገናው ሥራም ይበዛል።

መሥራት ይቻላል ወይ?

ለሚጠይቁኝ ሁሉ መልሴ አይቻልም ነው። ቅሉ በኛ አገር ሞልቷል፤ እንጨቱም አይጠፋም። በርኩማው ነው ችግሩ። እሱን መሞረድ የዕድሜ ልክ ሙያ ነው። መቅመስ ግን ትችላላችሁ።

በገና ካላችሁ አንዱን እንዝራ አውጡና አውታሩን ደርድሩት። ከዚያ መልሱትና ደርድሩት። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው ጃዋሪ የሚሠራው ሥራ።

ያላችሁ የሽቦ ክራር ከሆነ ትንሽ ሥራ አለው። ከሥጋ ቤት የበሬ ቅልጥም አጥንት ለምኑ። ቅባቱ እስኪወጣ ቀቅሉት፤ በደንብ አድርቁት፤ ካልደረቀ ይሸታል፣ በኋላም ይጣመማል። የጣት ውፍረት ያህል ቁራጭ ቁረጡና አንድ ፊቱን በሞረድ አስተካክሉ፤ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ። ከዚያ ክሩ ወደሚወጣበት ወገን ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ እንዲያዘነብል አድርጉት። በአንድ ክር ሥር ብቻ፣ በርኩማው ላይ አስገቡት። እየመታችሁ ጥቂት ጥቂት ሞርዱ። ብዙ ከወሰዳችሁ ክሩ ይታፈናል፤ ትንሽ ከወሰዳችሁ ምንም አይልም። እዝዝ ማለት ሲጀምር ሞረዱን አስቀምጡ።

ካልሆነላችሁ የጥጥ ክር ውሰዱ። ታንፑራ ላይ እነሱም እንዲህ ያደርጋሉ። ክሯን በሽቦውና በአጥንቱ መሐል አስገቡና ወደፊትና ወደኋላ ቀስ እያላችሁ አንሸራቱ፤ ልክ እንዝራን በጥፍር እንደምንገፋው። አንድ ቦታ ላይ ሽቦው በድንገት ይከፈታል። እዚያ ተዋት፤ ታንፑራውን አፕ ክፈቱና በዚያ አንድ ክር ላይ ብቻ ዝም ብላችሁ ምቱ። ቅዳሜ ሥራ ካላችሁ ግን አርብ ማታ አጥንቱንም ክሯንም አውጡ። የሠርግ ባለቤት በእዝዝታ አይከፍልም።